ይህ ቁጥቋጦ አጋም ነው? እሾሁን አይቻለሁ፣ ግን ተጠራጠርኩ (ደቡብ ጎንደር፣ ከደን ዳር)

መንገደኛዋ · ቅዳሜ ማታ 1:50

ሰላም እንዴት ናችሁ። ዛሬ ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ስንዞር ዋልን። ከድንጋይ ካቡ ውጪ አንድ ቁጥቋጦ አበባው ፈክቶ አገኘሁት። መጀመሪያ ያቆመኝ ሽታው ነው። ገና ሳላየው ነው የሸተተኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ቁመቱ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው። አበባው ትንንሽና ነጭ፣ እንደ ኮከብ አምስት ቦታ የተከፈለ። ከሥሩ ቀጭን ሮዝ ቱቦ አለው። አንድ ላይ ታጭቆ ነው የሚያብበው። ቅጠሉን ስቀነጥሰው ነጭ ወተት ወጣው። እሾህም አለው፣ እጄን በደንብ ነው የቧጨረኝ። ፍሬ ጥቂት ነበር። አብዛኛው አረንጓዴ፣ አንድ ሁለቱ ቀላ ያሉ።

የስልኬ አፕ አጋም ነው አለኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን አበባውን ሳሸት አንድ እረኛ ልጅ አየኝና «እሱን አይንኩት» ብሎኝ ከብቶቹን ተከትሎ ሄደ። ለምን ብዬ ሳልጠይቀው አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየከነከነኝ ነው።

ሦስት ፎቶ ለጥፌያለሁ። እስቲ እዩልኝ።

የጎጃሙ · ቅዳሜ ማታ 2:05

አጋም ነው እህቴ፣ ምን ጥያቄ አለው። ነጭ አበባ፣ ሮዝ ቱቦ፣ ወተት፣ እሾህ፣ ሽታ። አምስቱም ተሟልቷል። እኔ እሱን እየበላሁ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከንፈራችን ጠቁሮ እናታችን ገና ከበር ላይ ነበር የምታውቅብን። እረኛው ምናልባት ፍሬውን ለራሱ ሲጠብቅ ይሆናል 😄

ስኒ_ሙሉ · ቅዳሜ ማታ 2:12

ከፎቶው የዱር ቡና አይመስልም? አበባው ከቅጠሉ ሥር ተጠጋግቶ ነው የወጣው። ቅጠሉም ያብረቀርቃል። የቡና አበባ ሽታ ደግሞ እንደዚሁ ከሩቅ ነው የሚጣራው።

ቅጠል_በጣሽ · ቅዳሜ ማታ 2:20

ስኒ ሙሉ፣ ቡና ወተት የለውም። ቅጠሉን ብትቀነጥሰው ደረቅ ነው። እሷ ነጭ ወተት ወጣው ብላለች፣ ስለዚህ ቡናን እንተወው። አበባው ከቅጠሉ ሥር ነው የወጣው ያልከው ግን ጥሩ ዓይን ነው። እሱን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መንገደኛዋ፣ ሁለተኛውን ፎቶ ሳይጨመቅ እንዳለ ልትለጥፊው ትችያለሽ? የአሁኑ ዙም ሲደረግ ይደበዝዛል።

ሽቶ_አያምልጠኝ · ቅዳሜ ማታ 2:24

ጠምበለል ነው ልል ነበር። ሽታ፣ ነጭ አበባ፣ ከጀርባው ሮዝ። ሁሉም ልክ ነው።

ቅጠል_በጣሽ · ቅዳሜ ማታ 2:31

ጠምበለል ሐረግ ነው፣ ሌላ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል። ቅጠሉም ሦስት ሦስት ሆኖ ነው አንድ ዘንግ ላይ የሚቀመጠው። ይሄ በራሱ የቆመ ቁጥቋጦ ነው። ወተቱም ጠምበለልን ያስወጣዋል።

መንገደኛዋ · ቅዳሜ ማታ 2:44

ይኸው ሁለተኛው ፎቶ፣ እንዳለ። ኔትወርኩ ገደለኝ።

ቅጠል_በጣሽ · ቅዳሜ ማታ 3:10

አመሰግናለሁ። እንግዲህ ቀስ ብላችሁ እዩት።

ከፎቶው በስተግራ እሾሁ ይታያል። ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ከቅጠሎቹ መነሻ ጥንድ ሆኖ የወጣ። ያ የአጋም እሾህ ነው፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። አሁን ጣታችሁን እሾሁ ላይ አድርጉና ቅርንጫፉን ወደ ላይ ተከተሉት። የት ይደርሳል? አበባው ጋ አይደርስም። በአበባው ጀርባ ያልፍና ከፎቶው ይወጣል። በላዩ ያሉት ቅጠሎች ትንንሽ ናቸው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም።

ደግሞ ከአበባው ተነሡና ወደ ታች ውረዱ። ይሄኛው ቅርንጫፍ ወፍራም ነው። ቅጠሉ የዚያን እጥፍ ያክላል። እሾህ ግን አንድም የለውም። ሦስት አንጓ ቆጠርኩ፣ ሦስቱም ባዶ ናቸው።

ሁለት ተክል ነው ያነሣሽው እህቴ። አጋሙ አለ፣ እጅሽን የቧጨረሽ እሱ ነው። ያሸተትሽው አበባ ግን የሱ አይመስለኝም። ፍሬውን አልቀመስሽም አይደል?

መንገደኛዋ · ቅዳሜ ማታ 3:14

አልቀመስኩም!! ቅጠሉን ግን ቀንጥሻለሁ ብያለሁ፣ ወተቱ ጣቴን ነክቶታል። ምንድን ነው እሱ?

ቅጠል_በጣሽ · ቅዳሜ ማታ 3:22

ምረንዝ ይመስለኛል። መረንዝ የሚሉትም አሉ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እስክትታጠቢ ዓይንሽን አትሺ። ቁስል ከሌለሽ በመንካት ብቻ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

መንገደኛዋ · ቅዳሜ ማታ 3:25

ቁስል? አጋሙ ቧጭሮኝ የለም እንዴ 😳

ፋርማሲስቷ · ቅዳሜ ማታ 3:29

መንገደኛዋ፣ ረጋ በይ። ከቧጨረሽ አሁን ከስምንት ሰዓት በላይ ሆኖሻል ብዬ ልገምት? ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ማዞር የሚባል ነገር ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከሌለ ታጠቢና እራትሽን ብዪ።

መንገደኛዋ · ቅዳሜ ማታ 3:33

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነበር። ምንም የለኝም፣ ርቦኛል እንጂ። ታጥቤያለሁ፣ ሁለቴ።

የጎጃሙ · ቅዳሜ ማታ 3:40

ቆይ ቆይ። እኔ እኮ አጋም አታውቅም የሚለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እሾህ የሌለው ቅርንጫፍ አጋም ላይም ይኖራል። አዲስ የወጣ ለምለም ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል። ምረንዝ ብሎ ሰው ማስፈራራት ምን ይባላል?

ቅጠል_በጣሽ · ቅዳሜ ማታ 4:02

የጎጃሙ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። እሾህ የሳሳበት የአጋም ቅርንጫፍ አለ። ለዚህ ነው በእሾህ ብቻ የማልፈርደው።

እንግዲህ የስኒ ሙሉን ነገር ላንሣው። አጋም አበባውን የሚያወጣው በአብዛኛው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። ቅርንጫፉ ሲያልቅ እቅፍ አድርጎ ያብባል። ምረንዝ ግን ከቅጠሉ ብብት ነው የሚያብበው፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ጎድጓዳ። ስለዚህ በቅርንጫፉ ርዝመት ሁሉ፣ በየአንጓው፣ ነጭ ጉብ ጉብ ታያለህ። ስኒ ሙሉን ቡና ያሰኘውም ይኸው ነው፣ ቡናም የሚያብበው ከብብቱ ነው። ሦስተኛውን ፎቶ እየው። አበባው ቢያንስ አራት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ከላዩም ቅጠል ቀጥሏል።

ቅጠሉ ደግሞ አለ። የአጋም ቅጠል ከሁለት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የምረንዝ እስከ አሥር ሊደርስ ይችላል። ስታጥፈው እንደ ቆዳ ይመልሳል። ጫፉ ላይ ሚጢጢ ሹል ነገር አለችው። ጣትህን ብታስኬድበት ትሰማሃለች እንጂ አትወጋህም። ለጋው ቅርንጫፍም ክብ ሳይሆን ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ብታንከባልለው እንደ እርሳስ ይቆራቆርሃል።

በፎቶ ቅርንጫፍ ማንከባለል ስለማልችል «ይመስለኛል» ያልኩት ለዚያ ነው። ሰው ማስፈራራት ሥራዬ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ግን ሳላስፈራራ ብሳሳት ይብስብኛል።

ድሬ_ላይ · ቅዳሜ ማታ 4:15

በኛ በኩል ቀራሩ ነው የምንለው፣ በኦሮምኛ። አጋሙን ደግሞ አገምሳ። ሐረርጌ ውስጥ ሁለቱም ሞልተዋል። ቀራሩን ልጅ ሆነን «የቀስት እንጨት» እያሉ ያስፈራሩን ነበር። ቀስቱ የሚሠራበት እንጨት ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። ቀስቱ ጫፍ የሚቀባው መርዝ መሆኑን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ፋርማሲስቷ · ቅዳሜ ማታ 4:38

ድሬ ላይ ካነሣው አይቀር ልጨምር።

ምረንዝ ውስጥ ያለው ዋናው መርዝ ዋባይን ይባላል። ስሙ ከሱማሌኛ «ዋባዮ» የመጣ ነው፣ የቀስት መርዝ ማለት ነው። በ1888 አርኖ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ከዚሁ ዘር ተክል አውጥቶ ለየው። ከዚያ በኋላ አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለልብ ድካም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። አዎ፣ ያው መርዙ። ልዩነቱ መጠኑ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የልብ ጡንቻ ሴል ግድግዳው ላይ ፓምፕ አለው። ሶዲየምን ወደ ውጪ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ይገፋል። ዋባይን ያን ፓምፕ ቀርቅሮ ይይዘዋል። ሶዲየም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካልሲየም ይከተለዋል፣ ልብ በኃይል ትኮማተራለች። ትንሽ ከሆነ የደከመች ልብ ትበረታለች። ከበዛ ምቷ ይዛባና ትቆማለች። ፓምፑን በ1957 ያገኘው ዴንማርካዊው ስኩ ነው፣ ለዚሁ በ1997 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ያየው ፓምፕ እውነተኛው መሆኑን ካረጋገጠባቸው ነገሮች አንዱ ዋባይን ሲገባበት መቆሙ ነበር። የኛ ገደል ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ የት እንደደረሰ እዩት።

በአፍ ሲገባ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። አዳኞች በቀስት የተጠቀሙበትም ለዚህ ነው፣ ቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ስል ግን «ቢበላ ምንም አያደርግም» እንዳትሉኝ። ተክሉ ውስጥ ሌሎች ዘመዶቹ መርዞችም አሉ፣ በልቶት የሞተ ሰው አለ።

አራት_ዓይና · ቅዳሜ ማታ 4:51

እንዲያውም የበሰለው ፍሬ ይበላል ይባላል እኮ። ጥቁር ወይን ጠጅ ሲሆን። ሲርባቸው የሚበሉት አካባቢዎች አሉ።

ፋርማሲስቷ · ቅዳሜ ማታ 4:58

እውነት ነው፣ በአንዳንድ ቦታ ሙሉ በሙሉ የበሰለውን የሚበሉ አሉ። እነሱ ግን ያን ዛፍ ከአያት ቅድመ አያት ያውቁታል። አንተ አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ጥሬው መርዝ ነው። «በስሏል» እና «ሊበስል ነው» የሚለውን በፎቶ ለይቶ ለሰው መንገር አይቻልም። እባክህ ይሄን ነገር እዚህ አንቀጥለው።

አወያይ · ቅዳሜ ማታ 5:03

ትክክል። እዚህ ክፍል ውስጥ «ቅመሱና እዩት» የሚል ምክር አይፈቀድም። ቀምሶ መለየት የሚባል ነገር የለንም። በልቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ካለ መልስ እስኪጻፍለት አይጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። የበላውን ተክል ቅርንጫፍም ይዞ ይሂድ።

ጫካ_ለጫካ · ቅዳሜ ማታ 5:20

ስለ ምረንዝ ከተነሣ የኔን ልንገራችሁ። የዛሬ ስንት ዓመት ለመስክ ሥራ ወጥተን አንድ ጓደኛችን ጠዋት መፋቂያ ፈልጎ ቀጥ ያለች ቅርንጫፍ ቆረጠ። ቅርፊቷን በጥርሱ ሊልጥ አፉ ጋ ሲያደርስ መንገድ የሚመራን ሽማግሌ እጁን መታው። እንጨቷ ሄዳ ገደል ገባች። ጓደኛችን ተቆጣ፣ ሽማግሌው ዝም። ከዚያ ቁጥቋጦውን አሳይተው ስሙን ነገሩን። ያ ጓደኛችን እስከ ዛሬ ከወይራ በቀር ሌላ እንጨት አፉ ውስጥ አያስገባም።

ደግሞ ቅርፊቱን የሚያኝክ አይጥ አለ፣ ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያም ውስጥ አለ፣ ጀርባው ላይ እንደ ጋማ የሚቆም ፀጉር ያለው ትልቅ አይጥ። የምረንዝን ቅርፊት አኝኮ ምራቁን ጎኑ ላይ ያለው የተለየ ፀጉር ላይ ይቀባል። ፀጉሩ እንደ ስፖንጅ መርዙን ይመጥጣል። ውሻ ከነከሰው ለውሻው ወዮለት። ሳይንቲስቶች ይህን አረጋግጠው የጻፉት በ2011 ነው። አይጡ ራሱ ለምን እንደማይሞት ነው የሚገርመኝ።

ስኒ_ሙሉ · ቅዳሜ ማታ 5:26

ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ሲባል ሰምተን እናውቃለን። ከአጋም የተጠጋ ምረንዝ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሽቶ_አያምልጠኝ · ቅዳሜ ማታ 5:30

😂😂 ወተት ያለው ሁሉ አጋም ሥር ምን ይሠራል?

የጎጃሙ · ቅዳሜ ማታ 5:41

እሺ፣ ሦስተኛውን ፎቶ ደግሜ አየሁት። አበባው ከብብቱ ነው ያለው፣ አልክድም። ግን ሰው ሄዶ በእጁ ሳያረጋግጥ አልሰጥም።

መንገደኛዋ · ቅዳሜ ማታ 5:47

እዚሁ አካባቢ ነው ያደርኩት። ነገ ጠዋት ከመሄዳችን በፊት እመለስበታለሁ። ምን ምን ልይ?

ቅጠል_በጣሽ · ቅዳሜ ማታ 6:05

ጎበዝ። ጓንት ካለሽ አድርጊ፣ ከሌለሽ የፌስታል ከረጢት እጅሽ ላይ አጥልቂ።

ከሁሉ በፊት መሬት ላይ ጎንበስ በይና ስንት ግንድ እንደሚወጣ እዪ። ከዚያ አበባ ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ ይዘሽ እስከ ግንዱ ድረስ ውረጂ፣ እሾህ ይኖር አይኑር ቁጠሪ። ፎቶ ስታነሺ አንዱን ቅርንጫፍ ለብቻው አድርጊው፣ ከጀርባው ነጭ ወረቀት ወይም ነጠላሽን ያዥ። የቅጠሉን ፊትም ጀርባም አንሺ፣ አጠገቡ ለመጠን እስክሪፕቶ አስቀምጪ። የወደቀ ፍሬ ካገኘሽ በምላጭ ሁለት ቦታ ክፈዪው። አጋም ከሆነ ክብ ቢጤ ነው፣ ውስጡ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ጠፍጣፋ ዘር አለው። ምረንዝ ሞላላ ነው፣ ዘሩ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት።

አብረውት ምን ምን እንደበቀለም ጻፊልን። ሰው ይንቀዋል፣ ግን ብዙ ይናገራል።

ድሬ_ላይ · ቅዳሜ ማታ 6:11

ምላጩን ከዚያ በኋላ ጣይው አደራ።

የላቲን_ወዳጅ · እሑድ ጠዋት 12:40

እስክትመለስ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ለጨዋታ። የአጋም ሳይንሳዊ ስም ዛሬ ካሪሳ ስፒናሩም ነው። ስፒናሩም የእሾሆች ማለት ነው። የድሮ መጻሕፍት ውስጥ ግን ካሪሳ ኤዱሊስ ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ኤዱሊስ የሚበላ ማለት ነው። አንዱ ስም ሊበላው የመጣ ሰው፣ ሌላው የተወጋ ሰው ያወጣው ይመስላል።

ምረንዝ ደግሞ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ነው። ሺምፔር ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ቀረ፣ አድዋ ላይ በ1878 ሞተ። አርባ ዓመት ሙሉ እያደረቀ ወደ አውሮፓ የላከው ተክል ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ስሙ በየቁጥቋጦው ላይ የተለጠፈው። አኮካንቴራ ግሪክኛ ነው፣ በአበባው ውስጥ የወንዴ ዱቄት የሚይዙት ክፍሎች ጫፋቸው ሹል ስለሆነ ነው። ስሙ ውስጥ ያለው ሹል የአበባው ነው ማለት ነው፣ ግንዱ ላይ እሾህ የለም።

ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ አፖሲናሴ ይባላል። ወተቱም፣ የአበባው ቅርጽም፣ ጥንድ ቅጠሉም ከዚያ የወረሱት ነው። ስለዚህ አፑ ቢሳሳት አይገርምም። ወንድሙን ነው የጠራው።

መንገደኛዋ · እሑድ ጠዋት 4:15

ተመለስኩ። ዘጠኝ ፎቶ እየጫንኩ ነው፣ እስኪወጣ ልንገራችሁ።

ጎንበስ ብዬ ሳየው ሁለት ግንድ ነው። በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል አለ። ከላይ ግን ተቆላልፈው አንድ ቁጥቋጦ መስለዋል። አጋሙ ከግራ ተነሥቶ በሌላኛው ውስጥ ሰርስሮ በቀኝ ብቅ ብሏል። ትናንት ያን ሁሉ ሳላይ ነው አንድ ብዬ የጻፍኩላችሁ።

ባለአበባውን ቅርንጫፍ ይዤ እስከ ግንዱ ወረድኩ። አሥራ አራት አንጓ ቆጠርኩ። አንድ እሾህ የለም። አጋሙ ላይ በሁለተኛው አንጓ ላይ ነው የተወጋሁት፣ በፌስታሉ አልፎ።

ለጋውን ቅርንጫፍ አንከባለልኩት። ቅጠል በጣሽ እንደ እርሳስ ያልከው እውነትህን ነው። ቅጠሉ በእስክሪፕቶው ስለካው ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ሹል በዓይኔ አላየኋትም፣ በጣቴ ግን ሰማኋት። ካቡ ሥር የወደቀ ፍሬ አግኝቼ ከፈልኩት። ሞላላ፣ ዘሩ አንድ። ምላጩን ቀብሬዋለሁ።

አጠገቡ ክትክታ ሞልቷል። ቀጋ አለ። ከካቡ ውስጥ ወይራና ጥድ ይታያል።

አጋሙም ለካ ትናንት እያበበ ነበር። ከላይ በኩል፣ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ሦስት እቅፍ። ሁለቱን አጠጋግቼ አነሣኋቸው፣ ስድስተኛው ፎቶ ነው። አበባ ለአበባ ብታዩዋቸው እኔ እስከ አሁን አልለያቸውም።

ቅጠል_በጣሽ · እሑድ ጠዋት 4:38

ስድስተኛው ፎቶ ወርቅ ነው። አሁን «ይመስለኛል»ን አነሣዋለሁ። ምረንዝ ነው።

ክትክታ፣ ቀጋ፣ ወይራ፣ ጥድ ማለትሽም ይስማማል። ደረቁ የደጋና የወይና ደጋ ደን ዳር፣ ድንጋያማ ቦታ። ሁለቱም እዚያ ነው የሚገኙት፣ ለዚህ ነው የሚገናኙት።

የጎጃሙ · እሑድ ጠዋት 4:44

ሰጠሁ። 🙌 ግን እውነቱን ልናገር፣ ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ ሆነን ስንለቅም እሾሁን ጠልተን እሾህ የሌለበትን ጎን ነበር የምንመርጠው። አንዴ ታላቅ ወንድሜ «ከማይወጋው አትልቀሙ» ብሎ ገፍትሮኝ ወድቄ አልቅሻለሁ። ክፉ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። ነገሩን ጭራሽ አያስታውሰውም።

ፋርማሲስቷ · እሑድ ጠዋት 4:50

የጎጃሙ 😅 ምሳ ጋብዘው።

ጫካ_ለጫካ · እሑድ ጠዋት 5:02

መንገደኛዋ፣ ከቻልሽ አንዲት ቅርንጫፍ አድርቂ። ቅጠል፣ አበባና ፍሬ አንድ ላይ ያለባት። በጋዜጣ መሃል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የአበባውን ቀለምና ሽታውን ጻፊበት። ተክሉ ሲደርቅ ቀለሙም ሽታውም ይጠፋል፣ ያልጻፍሽው አይገኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ የደረቁ ናሙናዎች በብዛት አሉ፣ ከዚያ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው ብቻ።

መንገደኛዋ · እሑድ ጠዋት 5:15

ከካቡ ውጪ ቢሆንም ቄሱን ጠይቄ አንዲት ቆርጫለሁ። «ለመድኃኒት ነው?» አሉኝ። ለማወቅ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አንዲት ብቻ» አሉኝ።

ያን እረኛም አገኘሁት። እዚያው ነበር። የዚህ ስሙ ማነው አልኩት። «ምረንዝ» አለኝ፣ እንዴት እሱን አታውቂም በሚል ዓይን። ያኛውስ? «አጋም»። በምን ትለያቸዋለህ አልኩት። ጥያቄው ግራ ገባው መሰለኝ፣ መልሶ ሁለቱን አያቸው። «ይሄ ምረንዝ ነው፣ ይሄ አጋም ነው» አለኝ። ከዚያ ስልክዎ ጌም አለው ወይ አለኝ።

ስኒ_ሙሉ · እሑድ ጠዋት 5:21

😂 አለው ወይ?

መንገደኛዋ · እሑድ ጠዋት 5:24

የለውም። አፑን አሳየሁት። ባለእሾሁን ቅርንጫፍ ለብቻው አነሣውና አፑ አጋም አለው። ምረንዙን ለብቻው አነሣው፣ አሁንም አጋም አለው። «ይዋሻል» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።

በነገራችን ላይ ዘጠነኛው ፎቶ ላይ፣ ከክትክታው ጀርባ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ቢጫ አበባ አለ። እሱስ ምንድን ነው?

ሽቶ_አያምልጠኝ · እሑድ ጠዋት 5:27

ዲግጣ!

ቅጠል_በጣሽ · እሑድ ጠዋት 5:33

ሊሆን ይችላል። ግን አበባውን ብቻ ነው ያነሣሽው። ቅጠሉስ?